ምዕራፍ አምስት፦ መውጫ ያለው ሐሳብ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 1989፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ሲል፣ የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ተናወጠ። ሎማ ፕሪዬታ የሚል ስም የተሰጠው ይህ የመሬት መንቀጥቀጥ በመለኪያው 6.9 የደረሰ ነበር። በኦክላንድ ባለ ሁለት ፎቅ አውራ ጎዳና ተደርምሶ ከሥሩ የነበሩትን መኪኖች ደፈጠጠ፤ በጠቅላላው 63 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ብዙም በማይርቀው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሱዛን ኖለን-ሁክሴማ የተባሉ የሥነ ልቦና መምህርት ነበሩ። ከአደጋው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ምድር ትናወጣለች ብሎ ማንም ሳያስብ፣ 137 ተማሪዎች ስለ ስሜታቸውና ሲከፋቸው ስለሚያደርጉት ነገር መጠይቅ ሞልተውላቸው ነበር። እንዲህ ያለ መረጃ ከአደጋ በፊት በእጁ የሚገኝ ተመራማሪ ጥቂት ነው።

ተማሪዎቹ ከአደጋው በኋላ በ10ኛው ቀን፣ ከዚያም በ7ኛው ሳምንት እንደገና ተጠየቁ። አደጋው በቅርብ ያገኛቸው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበልጥ ተረብሸው ተገኙ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ከሰባት ሳምንት በኋላ ድብርቱ ያልለቀቃቸው እነማን እንደሆኑ ቀድሞ የጠቆመው ግን ያ የቀደመው መጠይቅ ነበር። ድሮውንም ሲከፋቸው ለብቻቸው ተቀምጠው «ለምን እንዲህ ሆንኩ? ምን ነካኝ?» እያሉ ስሜታቸውን የሚያገላብጡት ተማሪዎች፣ ተነሥተው ወደ ሥራቸው ወይም ወደ ጓደኞቻቸው ከሚሄዱት ይልቅ ኀዘኑ ውስጥ ቆይተው ተገኙ።

ይህን ጥናት ያመጣሁት በምክንያት ነው። ስለ ራስ ዕድገት የሚጻፉ መጻሕፍት ሁሉ ማለት ይቻላል «ወደ ውስጥህ ተመልከት» ይላሉ። እኔም በቀደሙት ምዕራፎች ብያለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ነገር ግን ወደ ውስጡ መመልከት ያላነሰው፣ እንዲያውም ሌት ተቀን ከዚያ የማይወጣ ሰው አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «ራስህን መርምር» ማለት ውኃ የወሰደውን ሰው ጠጣ እንደማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ የምጠይቀው ሐሳብ መቼ እንደሚያሳድገንና መቼ እንደሚያደክመን ነው። የሚያሳድገውን ማሰላሰል፣ የሚያደክመውን መብሰልሰል እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ሁለቱም ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፤ ሁለቱም «ለምን?» ብለው ይጀምራሉ። የሚብሰለሰለው ሰው ራሱ ነገሩን እየፈታ ያለ ይመስለዋል። ኖለን-ሁክሴማና ተማሪያቸው የነበሩት ሶንያ ሊዩቦሚርስኪ ይህን እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት ፈትሸውታል። ስሜታቸው የወረደ ሰዎችን ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹ ለ8 ደቂቃ ስለ ስሜታቸውና ስለ ምክንያቱ እንዲያስቡ፣ ግማሾቹ ደግሞ ከራሳቸው ጋር ስለማይገናኙ ተራ ነገሮች እንዲያስቡ አደረጉ። ከዚያ ለሁሉም የኑሮ ችግሮችን አቅርበው መፍትሔ ጠየቁ። ስለ ስሜታቸው ሲያስቡ የቆዩት ደካማ መፍትሔ አመጡ፤ የወደፊቱንም በጨለምተኝነት አዩት። ሐሳባቸው ለ8 ደቂቃ ወደ ሌላ የዞረላቸው የከፋቸው ሰዎች ግን ለንጽጽር ከገቡት ያልከፋቸው ሰዎች የማያንስ መልስ ሰጡ። ችሎታው ነበራቸው ማለት ነው፤ የሸፈነባቸው መብሰልሰሉ ነው።

ነገሩን ለመቅረብ አንዲት እህት እናስብ። በዓይነ ሕሊና የሳልኳት ናት፤ እሷን የምትመስል ግን በየሰፈሩ አለች። ቤሩት ሰው ቤት ሰባት ዓመት ሠርታ ተመልሳለች። በየወሩ ገንዘብ ትልክ ነበር፤ ለቤት ቁጠባ ነበር ሐሳቧ። ከላከችው ገሚሱ ለታናሽ እህቷ ሠርግ ወጣ፤ ገሚሱ ለወንድሟ ባጃጅ ሆነ፤ ባጃጁም ተጋጭቶ ከቆመ ሰንብቷል። ቀን ቀን ሰው ሲበዛ ትስቃለች፣ ቡና ታፈላለች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግን ዓይኗ ይገለጥና ኮርኒሱ ላይ ይፈጣል። ለምን አመንኩት? ለምን በየጊዜው ምን ላይ ዋለ ብዬ አልጠየቅሁም? እማዬስ እያወቀች ለምን ዝም አለችኝ? ሰባት ዓመቴን ማን ይመልስልኛል? ጥያቄዎቹ አንዱ ሌላውን እየጠራ ዶሮ እስኪጮኽ ይዞራሉ፤ በማግስቱም በዚያው ቅደም ተከተል ይመጣሉ። ከእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ አንዱም ነገ ጠዋት የሚሠራ ሥራ የለውም። እኔ መብሰልሰልን የምለየው በዚህ ነው።

እንግዲህ «አታስቢ፣ ተይው» ትባላለች። ሰው ሁሉ የሚላት ይህንኑ ነው፤ በፍቅር ነው የሚሏት። ነገር ግን አታስብ የተባለ ሰው ማሰቡን አያቆምም፤ ማሰቡን መናገር ነው የሚያቆመው። ያ ደግሞ ይብሳል።

የሚሻለውን መንገድ ያሳዩን ሌሎች ተመራማሪዎች ናቸው። ኢተን ክሮስና ኦዝሌም አይዱክ ከመምህራቸው ከዋልተር ሚሸል ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ክፉኛ የተናደዱበትን አንድ ጠብ እንዲያስታውሱ ጠየቁ። አንዳንዶቹ ነገሩን እንደገና በራሳቸው ዓይን እንዲያዩት፣ ሌሎቹ ደግሞ ጥቂት ራቅ ብለው ራሳቸውንም ጭምር ከሩቅ እንዲመለከቱ ተደረገ። ሁለቱም ወገኖች «ለምን እንዲህ ተሰማህ?» ተብለዋል። በቅርብ ያዩት እንደገና ጋሉ፤ በሩቅ ቆመው ምክንያቱን የጠየቁት ግን ነገሩን እየተረዱ ቀዘቀዙ። ጥያቄው አንድ ሆኖ መልሱን የለየው ጠያቂው የቆመበት ቦታ ነው።

ክሮስ ከኢጎር ግሮስማን ጋር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ጥናት አሳትመዋል፤ ለእኛ አንባቢ የሚጥም ስም አላት፤ የሰሎሞን እንቆቅልሽ ትባላለች። ንጉሥ ሰሎሞን ከሩቅ አገር ለመጡት ሁሉ የሚፈርድ ጠቢብ ሆኖ ሳለ በገዛ ቤቱ ነገር የተሳሳተ ነው። እኛ ይህን ከማንም በፊት ስንለው ኖረናል፤ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንላለን። ተመራማሪዎቹ የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛ ያላቸውን ሰዎች «ጓደኛህ ከዳህ እንበል» ብለው ጠየቁ፤ ሌሎቹን ደግሞ «የወዳጅህ ጓደኛ ከዳችው እንበል» አሉ። ሰዎቹ ስለ ወዳጃቸው ሲያስቡ የነገሩን ሁለት ወገን ያያሉ፤ የማያውቁት ነገር እንዳለ ይቀበላሉ፤ መካከለኛ መንገድ ይፈልጋሉ። ስለ ራሳቸው ሲሆን ይህ ጥበብ ይቀንሳል። በዕድሜ የገፉት ይሻሉ እንደሆነ ለማየት ከ60 እስከ 80 ዓመት ያሉትን ከ20 እስከ 40 ካሉት ጋር አነጻጸሩ፤ በራስ ጉዳይ ላይ ሽማግሌውም ከወጣቱ አልበለጠም። የራሳቸውን ጉዳይ እንደ ሦስተኛ ሰው እንዲያዩት የተደረጉት ግን ልዩነቱ ጠፋላቸው።

ክሮስ ሰው በጭንቅ ሰዓት ራሱን «እኔ» ከማለት በስሙ ወይም «አንተ» ብሎ ቢያናግር እንደሚረጋጋም በሌላ ሥራቸው አሳይተዋል። እናቶቻችን ይህን ያለ አስተማሪ ያደርጉታል፤ ጓዳ ውስጥ ለብቻቸው «አንቺ ሴት፣ ኧረ ተረጋጊ» ሲሉ ያልሰማ የለም። ከቤሩት የተመለሰችው እህት በሌሊቱ 9 ሰዓት ልትሞክረው የምትችለው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። የጎረቤቷ ልጅ ይህን ሁሉ አምጥታ ብትነግራት ምን ትላታለች? «አንቺ ሞኝ፣ ለምን አመንሽ?» አትላትም። ወንድምን ማመን ኃጢአት እንዳልሆነ ትነግራታለች። እናትየዋ በሁለት ልጆቿ መካከል ተጨንቃ ዝም ብላ ሊሆን እንደሚችል ይታያታል። ባጃጁ ቢሸጥ ምን ያወጣል ብላም ትጠይቃለች።

ሁለተኛው ነገር ወረቀት ነው። ጄምስ ፔነቤከርና ሳንድራ ቢል እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ጥናት 46 ተማሪዎችን ለአራት ተከታታይ ቀናት፣ በቀን 15 ደቂቃ አስጻፉ። አንዱ ቡድን ስለ ተራ ነገር፣ ሌሎቹ በሕይወታቸው ስለደረሰ ከባድ ነገር ጻፉ። ከእነዚህም ውስጥ አንዳንዶቹ የሆነውን ብቻ፣ አንዳንዶቹ ስሜቱን ብቻ፣ አንዳንዶቹ ሁለቱን አንድ ላይ ነበር የጻፉት። የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት በዚያው ሰዓት ከፍቷቸው፣ የደም ግፊታቸውም ጨምሮ ታየ። በተከታዮቹ ስድስት ወራት ግን ወደ ዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ የሄዱበት ጊዜ ከሌሎቹ አነሰ።

እዚህ ላይ ማጋነን አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2006 ጆአን ፍራታሮሊ 146 ተመሳሳይ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ጥቅሙ እውነተኛ ቢሆንም አነስተኛ መሆኑን አሳይተዋል። መጻፍ የሕይወትን ቁስል ሁሉ ያሽራል የሚል ሰው ከመረጃው በላይ እየተናገረ ነው። ይበልጥ ትኩረቴን የሳበው ፔነቤከር በኋላ የጽሑፎቹን ቃላት ሲቆጥሩ ያገኙት ነገር ነው። ብዙ የተጠቀሙት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምክንያቱን ተንትነው የጨረሱት አልነበሩም። በመጀመሪያ ቀን ዝርክርክ ብሎ የወጣው ታሪክ በአራተኛው ቀን «ምክንያቱም»፣ «ስለዚህ»፣ «አሁን ሲገባኝ» የሚሉ ቃላት እየበዙበት የሄደላቸው ናቸው። ታሪኩ ከቀን ወደ ቀን ቦታ ቦታውን ያዘላቸው ማለት ነው። በአንጻሩ በአራቱም ቀን ያንኑ ለቅሶ በዚያው ቃል የሚጽፍ ሰው፣ ብዕር ይዞ እየተብሰለሰለ እንደሆነ ልብ ይበል። እንዲህ ሲሆን ደብተሩን ዘግቶ ወደሚቀጥለው መንገድ መሄድ ይሻላል።

የሚቀጥለው መንገድ ሰው ነው። ስለ እርሱ ከሁሉ በላይ የሚያስተምረኝ ታሪክ ያለው ዚምባብዌ፣ ሐራሬ ከተማ ውስጥ ነው።

ዲክሰን ቺባንዳ በአገሪቱ ካሉት ጥቂት የአእምሮ ሐኪሞች አንዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 እርሳቸው ዘንድ ስትታከም የነበረች አንዲት ወጣት ሕይወቷን አጠፋች። እናቷ ልጃቸውን ወደ ሐራሬ ያላመጡት ለአውቶቡስ የሚከፈል 15 ዶላር አጥተው እንደሆነ ነገሯቸው። ቺባንዳ ይህን ሰምተው ሕሙማን እስኪመጡ ሆስፒታል ተቀምጦ መጠበቅ እንደማይበቃ ተረዱ። በሚቀጥለው ዓመት ምባሬ በተባለው የድሆች ሰፈር ሥራ ሲጀምሩ የተሰጣቸው ሐኪም አልነበረም፤ ክፍልም አልነበረም። ያገኙት 14 አያቶችን ነበር፤ ቀድሞውንም በሰፈሩ የጤና ሥራ የሚረዱ፣ ሰው የሚያውቃቸውና የሚያከብራቸው እናቶች። ቦታ ስላልነበረ በክሊኒኩ ግቢ ዛፍ ሥር የእንጨት አግዳሚ ወንበር አኖሩ። የወዳጅነት ወንበር የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው።

አያቶቹ «ድባቴ» የሚባል የሕክምና ቃል ይዘው አልመጡም። በሾና ቋንቋ ሰው ሲጨንቀው የሚለውን፣ ኩፉንጊሲሳን፣ ማለትም ብዙ ማሰብን ነበር የሚጠይቁት። በክሊኒኩ የሚሞላው 14 ጥያቄ ያለው መጠይቅም በዚያው ይጀምራል፤ ባለፈው ሳምንት በጣም ታስቢ ወይም ስለ ብዙ ነገር ታስቢ ነበር ወይ ብሎ።

ወንበሩ ላይ የሚሆነውን በቅርብ እንየው። አያትየዋ ከመጣችው ልጅ ጎን ተቀምጣ ትሰማለች፤ የመጀመሪያው ቀን ረጅም ነው። ልጅቷ ሁሉንም ታወጣዋለች፤ የባሏን ነገር፣ የቤት ኪራዩን፣ የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ብዙ ጊዜም የኤች አይ ቪን ነገር። አያትየዋ አንዱንም አትፈታላትም። ችግሮቹን አንድ ሁለት ብላ ትቆጥርላታለች፤ ከዚያም «ከእነዚህ ውስጥ መጀመሪያ የትኛውን እንያዝ?» ብላ ትጠይቃታለች። አንዱ ይመረጣል። ለእርሱ ምን ምን ሊደረግ እንደሚችል ሁለቱ ያወጣሉ፤ ከዚያ ውስጥ ልጅቷ ራሷ አንዱን ትመርጣለች። መቼ፣ የት፣ ከማን ጋር እንደምታደርገው ተነጋግረው ይለያያሉ። በሚቀጥለው ቀጠሮ የመጀመሪያው ጥያቄ ያ ነገር ምን ደረሰ የሚል ነው። እስከ ስድስት ጊዜ ይገናኛሉ። የመጀመሪያውን ደረጃ አእምሮን መክፈት፣ ሁለተኛውን ማንሣት፣ ሦስተኛውን ማበርታት ይሉታል። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ጥቅም ላይ ከዋለ ፕላስቲክ ቦርሳ እየሠሩ በጋራ የሚሰባሰቡበት ማኅበር አላቸው። ልጅቷ ራሷን ለማጥፋት የምታስብ ከሆነች አያትየዋ ለብቻዋ አትይዛትም፤ ወዲያው ወደ ባለሙያ ታስተላልፋታለች። በእኛም አገር እንዲህ ያለ ሐሳብ የመጣበት፣ ወይም ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ የተወው ሰው በዚህ ምዕራፍ ምክር ላይ ሊቆም አይገባም። በቅርቡ ወዳለው ጤና ጣቢያ፣ አዲስ አበባ ላለም እንደ አማኑኤል ወዳለው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል አብሮት የሚሄድ ሰው ያስፈልገዋል።

ቺባንዳና ባልደረቦቻቸው ውጤቱን በ24 ክሊኒኮችና በ573 ሕሙማን ላይ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2016 አሳተሙ። ከስድስት ወር በኋላ የተለመደው እንክብካቤ ከተደረገላቸው መካከል ግማሽ ያህሉ፣ 49.9 በመቶ፣ የድባቴ ምልክት ነበራቸው። ከአያቶቹ ጋር የተቀመጡት ዘንድ 13.7 በመቶ ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ወንበሩ ወደ ማላዊ፣ ወደ ዛንዚባር፣ ኒው ዮርክ ድረስም ሄዷል።

ይህን ሳነብ እኛ ዘንድ የጎደለው የትኛው እንደሆነ አሰብኩ። ሰሚ አላጣንም። ቡና አለ፣ ዕድር አለ፣ ለቅሶ ቤት ቀናት የሚቀመጥ ዘመድ አለ። ያጣነው የአያቶቹን ያንን አንድ ጥያቄ ይመስለኛል። የቡናው ወግ ብዙ ጊዜ በሁለት መንገድ ያልቃል። አንደኛው «አይዞሽ፣ ያልፋል» ነው። አይዞሽ ትልቅ ቃል ነው፤ ግን ሲባል ወጉ ይዘጋል። ሁለተኛው አብሮ መብሰልሰል ነው፤ አንዷ ወንድሟን ታነሣለች፣ ሌላዋ ባሏን፣ ሦስተኛዋ አማቷን፣ ሦስተኛው ስኒ ሲጠጣ ሁሉም መጀመሪያ ከነበሩበት ይበልጥ ከፍቷቸው ይነሣሉ። አማንዳ ሮዝ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 በተማሪ ልጃገረዶች ዘንድ ይህንኑ አይተዋል፤ ችግርን ደጋግሞ አብሮ ማውራት ከጠበቀ ጓደኝነትም ከድብርትም ጋር አብሮ ይታያል። ቡናውን እንተው እያልኩ አይደለም። ከሚቀመጡት መካከል አንዷ «እሺ፣ መጀመሪያ የትኛውን እንያዝ?» የምትል ትሁን ነው የምለው።

የሃይማኖት ሥርዓቶቻችን ሐሳብ መውጫ እንደሚያስፈልገው ከጥንት ጀምሮ አውቀዋል። በፍልሰታ ሱባኤ የሚገባ ምእመን ሐሳቡን የሚመረምርበት ጊዜ ተወስኖለታል፤ ነሐሴ 1 ገብቶ ነሐሴ 16 ይወጣል። ለንስሐ አባቱ የሚናገር ሰው ደግሞ ተናግሮ ብቻ አይመለስም፤ ቀኖና ይሰጠዋል፣ ይህን ያህል ስግደት፣ ይህን ያህል ጾም፣ የበደልከውን ካስ ይባላል። ሙስሊሙም በረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ኢዕቲካፍ ገብቶ ራሱን ሲመረምር የሚወጣበት ቀን የታወቀ ነው። በሁሉም ዘንድ ምርመራው ቦታ፣ ጊዜና መውጫ አለው። ሱባኤው ሳይፈታ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ ሰው ቢኖር መምህራኑ ራሳቸው ይገሥጹታል።

ወደ እህታችን እንመለስና አንዲት ብልህ አክስት ከጎኗ ተቀመጠች እንበል። ችግሮቹ ሲቆጠሩ አምስት ይሆናሉ፦ የጠፋው ገንዘብ፣ የወንድምየው ነገር፣ የእናትየዋ ዝምታ፣ ሥራ ማጣት፣ ተመልሶ ስለ መሄድ የሚመጣው ሐሳብ። የትኛው መጀመሪያ? ሰባት ዓመቱን የሚመልስ የለም፤ እርሱ ለጊዜው ይቆይ። የቆመው ባጃጅ ግን ግቢ ውስጥ አለ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አጎቷ ባሉበት ወንድሟን «ይህ ነገር ተጠግኖ ይሠራል ወይስ ይሸጥ?» ብላ ትጠይቀዋለች። ሌላ ነገር አታነሣም። ምናልባት ወንድምየው ይቆጣ ይሆናል፤ ምናልባትም ሲያፍር የኖረበት ነገር ስለተነሣለት ይቀልለው ይሆናል። ያም ሆነ ይህ፣ እሑድ ማታ የሚታሰበው ነገር ከቅዳሜ ሌሊቱ የተለየ ይሆናል፤ አዲስ ነገር ተፈጥሯልና።

ትልልቆቹ የሕይወት ለውጦች ግን በአንድ እሑድ አያልቁም። ሥራ መልቀቅ፣ ከትዳር መውጣት፣ አገር መቀየር የሚያስቡ አንባቢዎች እንዳሉ አውቃለሁ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልበል።

ለውጥ፣ መልካሙም ቢሆን፣ ያደክማል። ቶማስ ሆምስና ሪቻርድ ራሂ እ.ኤ.አ. በ1967 የሕይወት ለውጦችን በክብደታቸው ደረጃ ያወጡበት ዝርዝር 43 ነገሮች አሉት። የትዳር ጓደኛ ሞት 100፣ ፍቺ 73 ነው፤ ጋብቻ ደግሞ 50። በጡረታ መውጣት 45 ተሰጥቶታል፤ ትልቅ የግል ስኬት እንኳ 28። ሰው ዲቪ ደርሶት ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ገብቶ በመጀመሪያው ክረምት ሲከፋው «እግዜር ሰጥቶኝ እንዴት አማርራለሁ?» ብሎ በራሱ ላይ ይፈርዳል። ከዓረብ አገር የተመለሰችውም እንዲሁ፤ ቤቷ ገብታ፣ በእናቷ እጅ በልታ ለምን እንደምታለቅስ አይገባትም። አካልና ልብ አዲሱን ኑሮ እየተማሩ ስለሆነ ነው። በራስ ላይ መፍረዱ ድካሙን እጥፍ ያደርገዋል።

ሌላው ነገር ለረጅም ጊዜ ሲያመነቱ የቆዩትን ይመለከታል። የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ስቲቨን ሌቪት እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ድረ ገጽ ከፍተው መወሰን ያቃታቸው ሰዎች ሳንቲም እንዲወረውሩ ጋበዙ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ20,000 በላይ ጊዜ ተወረወረ፤ ሥራ ልልቀቅ ወይስ ልቆይ፣ ልለያይ ወይስ ልታገሥ እያሉ። «ለውጥ» የወጣላቸው ብዙዎቹ ሳንቲሙን ሰሙ። ከስድስት ወር በኋላ ሲጠየቁ፣ በትልልቆቹ ጉዳዮች ለውጡን ያደረጉት ካላደረጉት ይልቅ ደስተኛ እንደሆኑ ተናገሩ። እኔ ይህን ለሁሉም ሰው አልመክርም። ሥራ ቢለቅ የሚቆይበት ቁጠባ ያለው ሰውና ደሞዙ ቤተሰብ የሚያኖር ሰው አንድ አይደሉም። በጥናቱ የገቡትም ሁለቱ ምርጫ እኩል የሆነባቸው፣ ፈቅደው የመጡ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ሁለቱ መንገድ እኩል እስኪሆንበት ድረስ ዓመታት የመዘነ ሰው፣ ሌላ አንድ ዓመት መመዘኑ አዲስ ነገር አያሳየውም። ሚዛኑን ከእንግዲህ ሊያዘነብል የሚችለው ትንሽ ሙከራ ነው። ንግድ የሚያስብ በእረፍት ቀኑ ይሞክረው፤ ከተማ ሊቀይር የሚያስብ አንድ ወር ዘመድ ቤት ይቀመጥ።

ለትንንሹ ለውጥ የቀን መቁጠሪያችን መልካም በር ሰጥቶናል። ሄንግቸን ዳይ፣ ኬቲ ሚልክማንና ጄሰን ሪስ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳዩት ሰው በሳምንት፣ በወርና በዓመት መጀመሪያ፣ ከልደቱም በኋላ ወደ ስፖርት ማዘውተሪያ አዘውትሮ ይሄዳል፤ ያለፈው ከኋላው የቀረ ስለሚመስለው። የእኛ ጳጉሜን ለዚህ የተሰጠች ናት። አምስት ወይም ስድስት ቀን ናት፤ ከዓመቱ ውጭ የቆመች ትመስላለች።  በእነዚህ ቀናት አሥራ ሁለቱን ወር ከሩቅ ማየት፣ መጻፍ፣ ለአንድ ሰው መናገር፣ አንድ ነገር መምረጥ ይቻላል። አንድ ብቻ፣ ያውም ትንሽ፦ ከቁርስ በኋላ 5 ደቂቃ መጻፍ፣ ከሥራ መልስ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በእግር መሄድ፣ ደሞዝ በወጣ ዕለት 200 ብር ለብቻው ማስቀመጥ።

ልማድ እስኪሆን ግን ጊዜ ይፈልጋል። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቻቸው በለንደን 96 ሰዎች አንድ አንድ ዕለታዊ ተግባር መርጠው እንዲለምዱ አድርገው ተከታተሏቸው። ነገሩ ያለ ግብግብ የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጀ፤ እንደ ስሌታቸው አጭሩ 18፣ ረጅሙ 254 ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር በእንቁጣጣሽ የጀመረ ሰው ፈጣን ከሆነ በመስቀል ማግስት ይለምደዋል። አማካዩ ሰው ኅዳር 6፣ በቁስቋም ይደርሳል። ግንቦት 14 ድረስ የሚቆይበትም አለ፤ ያ ሰው ሰነፍ አይደለም። ላሊ አንድ ቀን መዝለሉ ልማዱን ያን ያህል እንደማያጓድል ጨምረው አሳይተዋል። ስለዚህ እህታችን መስከረም 9 ደብተሯን ሳትከፍት ብታድር፣ መስከረም 10 ቁርሷን በልታ ትክፈተው።